ይቆይ ወይስ ይሸጥ? ስለ ተጫዋቾች ዕጣ ፈንታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የውድድር ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ደጋፊው ሁሉ ስፖርት ዳይሬክተር ይሆናል። እገሌ ይቆይ፣ እገሌ ይሸጥ፣ እገሌማ በነጻም ቢሆን ይሂድልን። ክርክሩ ደስ ይላል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የምንጨቃጨቀው ተጫዋቹ ጎበዝ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ብቻ መሆኑ ነው። ክለቦች ግን ሌላም ያያሉ። ውሉ ስንት ዓመት ቀረው? በሂሳብ መዝገብ ላይ ስንት ያወጣል? ከሄደ በኋላ ቦታውን ማን ይይዛል? ከታች ያሉት ጥያቄዎች በየዓመቱ የሚነሱ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስቀረውም የሚሸጠውም አሰልጣኙ አይደለም እንዴ?

በማንቸስተር ዩናይትዱ አሰልጣኝ ፈርጉሰንና በአርሰናሉ ቬንገር ዘመን መልሱ ባብዛኛው አዎ ነበር። ዛሬ በትልልቆቹ ክለቦች አሰልጣኙ ከብዙ ድምፆች አንዱ ነው። ስፖርት ዳይሬክተር አለ፣ መልማዮች አሉ፣ የሂሳብ ሰዎች አሉ፣ ከሁሉም በላይ ባለቤቱ አለ። አሰልጣኙ «ይህ ልጅ ዕቅዴ ውስጥ የለም» ሊል ይችላል። ዋጋ የሚቆርጡትና ድርድሩን የሚመሩት ግን ሌሎች ናቸው።

እንዲህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የተጫዋች ውል አራትና አምስት ዓመት ነው። አሰልጣኝ ደግሞ በአንድ ክፉ ወር ሊሰናበት ይችላል። «እሱን ካላመጣችሁልኝ» ብሎ ያስገዛው ተጫዋች፣ አሰልጣኙ ከሄደ በኋላ ለዓመታት ደመወዝ እየተከፈለው ይቀመጣል።

በክርክራችን የምንረሳው አንድ ሰው ደግሞ አለ፤ ተጫዋቹ ራሱ። ሁለቱ ክለቦች በዋጋ ተስማምተው ሲያበቁ እሱ «አልሄድም» ካለ ነገሩ አለቀ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ አዲሱ ክለብ የሚሰጠው ደመወዝ ግማሽ ነው፣ ከተማውም አይመቸውም። «ለምን አይሸጡትም?» ብለን ስንናደድ፣ ክለቡ ሞክሮ አልሳካ ብሎት ሊሆን ይችላል።

ጎበዙን የአካዳሚ ልጅ ሸጠው የማይረባውን ለምን ያስቀራሉ?

ደጋፊን የሚያበግን ነገር ካለ ይሄ ነው። መልሱ ያለው ሜዳው ላይ ሳይሆን መዝገቡ ውስጥ ነው።

ክለብ ተጫዋች ሲገዛ ዋጋውን በአንድ ጊዜ ወጪ አድርጎ አይመዘግብም። በውሉ ዓመታት ያካፍለዋል። በ50 ሚሊዮን ፓውንድ ተገዝቶ አምስት ዓመት የፈረመ ተጫዋች እንውሰድ። በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ወጪ ይያዝበታል። ከሦስት ዓመት በኋላ መዝገቡ ላይ የቀረው ዋጋ 20 ሚሊዮን ነው። በ15 ሚሊዮን ከተሸጠ ክለቡ የ5 ሚሊዮን ኪሳራ ይመዘግባል። በ30 ሚሊዮን ቢሸጥ እንኳ ትርፉ 10 ብቻ ነው። አካዳሚ ውስጥ ያደገው ልጅ ግን የተገዛበት ዋጋ ስለሌለው መዝገቡ ላይ ዜሮ ነው። በ30 ሚሊዮን ከሸጡት ሠላሳውም ትርፍ ይሆናል።

አሁን የእንግሊዙን ፕሪሚየር ሊግ ሕግ ጨምሩበት። ክለቦች በሦስት ዓመት ውስጥ የሚያስመዘግቡት ኪሳራ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ እንዳያልፍ ተገድቦ ቆይቷል። ሕጉም ጥርስ ነበረው። በ2023–24 የውድድር ዓመት ኤቨርተን በሁለት ዙር በድምሩ 8 ነጥብ፣ ኖቲንግሃም ፎረስት ደግሞ 4 ነጥብ ተቀንሶባቸዋል። ስለዚህ የሂሳብ መዝጊያ ጊዜ ሲደርስ ክለቦች ቶሎ ትርፍ የሚያመጣላቸውን ሰው ይፈልጋሉ። እሱ ደግሞ የክለቡ የራሱ ልጅ ነው። ቼልሲ በ2023 ሜሰን ማውንትን ለማንቸስተር ዩናይትድ፣ በ2024 ኮነር ጋላገርን ለአትሌቲኮ ማድሪድ ሸጧል። ሁለቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ እዚያው ያደጉ ናቸው።

በእኔ እምነት የፋይናንስ ሕጎቹ ትልቁ ጉድለት ይሄ ነው። ክለቡ ከውድቀት ይጠበቅ ተብሎ የወጣ ሕግ፣ ደጋፊው በጣም የሚወደውን ልጅ ለመሸጥ ምክንያት ሆነ።

የማይረባው ለምን እንደሚቀርም ከዚሁ ሂሳብ መረዳት ይቻላል። ቼልሲ በ2023 መጀመሪያ ለኤንዞ ፈርናንዴዝና ለሚካይሎ ሙድሪክ የስምንት ዓመት ተኩል ውል ሲሰጥ ዓመታዊ ወጪው ትንሽ መስሎ ይታይ ነበር። የአውሮፓ እግር ኳስ የበላይ አካል ዩኤፋና ፕሪሚየር ሊጉ ብዙ ሳይቆዩ ማካፈያውን በአምስት ዓመት ገደቡት። ረጅም ውል ግን ሌላ ጣጣም አለው። የመዝገብ ዋጋው ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ተጫዋቹ ካልሆነለት ያለ ኪሳራ መሸጥ ይከብዳል። ተጫዋቹ ራሱም የመሄድ ችኮላ የለበትም።

«ከዚህ ሰውዬ ማንም ይሻላል» ማለት ምን ችግር አለው?

ማንም አለመሻሉ ነዋ።

«ይሸጥ» ስንል በአእምሯችን ያለው ተተኪ ሁልጊዜ ምርጡ ነው። እውነተኛው ተተኪ ግን ክለቡ አቅሙ የፈቀደለት፣ ሻጩ የተስማማበት፣ ራሱም መምጣት የፈለገ ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆናል። ላዩ ላይ የዝውውር ዋጋ፣ የወኪል ክፍያ፣ አዲስ ደመወዝና ለመላመድ የሚያስፈልግ ጊዜ ይደረባል።

ሪያል ማድሪድ በ2003 ክሎድ ማኬሌሌን የሸጠበትን ውሳኔ አስቡት። ሰውየው ጎል አያገባም፣ ማሊያውም አይሸጥም። የደመወዝ ጭማሪ ሲጠይቅ እምቢ ተባለ፤ ቼልሲ ወሰደው። ዴቪድ ቤካም በዚያው ክረምት ነው የመጣው። ማድሪድ እስከ 2007 ድረስ ላሊጋውን ዳግም አላነሳም። ቼልሲ በ2005 እና በ2006 ተከታትሎ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ምክንያት ሆነ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ከፊት የተሰለፉት ከዋክብት ሁሉ የሚደገፉት እሱ በሚያጸዳው መሐል ሜዳ ላይ ነበር። እሱን የመሰለ ሰው ደግሞ አልተገዛም።

ስለዚህ «ይሸጥ» የሚል ሰው ቢያንስ ሁለት የሚቻሉ ስሞች ይጥራ። የሚቻሉ ነው ያልኩት።

ውሉ አንድ ዓመት ሲቀረው ለምን ሁሉም ይደነግጣል?

ከዚያ በኋላ ጉልበቱ ከክለቡ ወደ ተጫዋቹ ስለሚዞር ነው። ድሮ ውሉ ያለቀ ተጫዋች እንኳ የድሮ ክለቡ ክፍያ ካላገኘ መሄድ አይችልም ነበር። ዣን ማርክ ቦስማን የተባለ ቤልጂየማዊ ከሊዬዥ ወደ ፈረንሳዩ ደንከርክ እንዳይሄድ ሲታገድ ክስ መሠረተ። የአውሮፓ ፍርድ ቤት ዲሴምበር 15 ቀን 1995 ፈረደለት። ከዚያ ወዲህ ውሉ ያለቀ ሰው በነጻ ይሄዳል። በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ደግሞ ከሌላ አገር ክለብ ጋር ለቀጣዩ ዓመት መፈራረም ይችላል።

የፖል ፖግባ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። በ2012 ውሉ አልቆ ከማንቸስተር ዩናይትድ ወደ ጁቬንቱስ ሄደ። በ2016 ዩናይትድ ያንኑ ልጅ በ89 ሚሊዮን ፓውንድ መልሶ ገዛው፤ በወቅቱ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። በ2022 ውሉ አለቀና እንደገና በነጻ ወደ ጁቬንቱስ ተመለሰ። ሁለቴ በነጻ የወጣ ሰው ማለት ነው።

ታዲያ ሁልጊዜ መሸጥ ነው መፍትሔው? አይደለም። ሊቨርፑል 2024–25ን የጀመረው የሳላህ፣ የቫን ዳይክና የአሌክሳንደር አርኖልድ ውል በዓመቱ መጨረሻ ሊያልቅ ነው እየተባለ ነበር። ደጋፊው ተጨንቋል። ክለቡ ሦስቱንም ይዞ ቀጠለ፤ ሊጉንም አሸነፈ። ሳላህና ቫን ዳይክ በኤፕሪል 2025 ለሁለት ሁለት ዓመት አደሱ፤ አርኖልድ ወደ ሪያል ማድሪድ ሄደ። አንድ ሰው አምልጧል። ነገር ግን ዋንጫው መጥቷል። በሽያጭ የሚገኝ ገንዘብ ያንን ዓመት ይገዛ ነበር? እኔ አይመስለኝም።

ካልጠቀመ ለምን ዝም ብለው አያባርሩትም?

ስለማይችሉ ነው። በፊፋ ደንብ መሠረት ውል በአንድ ወገን ብቻ ያለ በቂ ምክንያት አይፈርስም። ደካማ ብቃት ደግሞ በቂ ምክንያት አይደለም። ክለቡ ማሰናበት ከፈለገ የቀረውን ደመወዝ መክፈል ወይም በስምምነት መለያየት አለበት። ተጫዋቹን አስመርሮ ራሱ እንዲለቅ ማድረግም አያዋጣም። ደንቡ ውል ለማስፈረስ ታስቦ የሚፈጸምን በደል ተጫዋቹ ውሉን እንዲያቋርጥ የሚያስችል ምክንያት አድርጎ ይቆጥረዋል።

የታወቀው ምሳሌ ዊንስተን ቦጋርድ ነው። በ2000 ቼልሲን ሲቀላቀል አራት ዓመት ፈረመ። አሰልጣኙ ወዲያው ተቀየረና አዲሱ አልፈለገውም። ሌላ ክለብ ደግሞ ያንን ደመወዝ አይከፍለውም። ሰውየው ምን አደረገ? በየቀኑ ልምምድ እየመጣ ውሉን እስከ መጨረሻው ቀን ጨረሰ። በአራት ዓመት የተጫወታቸው የሊግ ጨዋታዎች 9 ናቸው። ጋዜጦች ቀልደውበታል። እኔ ግን ጥፋቱ አይታየኝም። የፈረመለት ክለቡ ነው።

በነገራችን ላይ የተገላቢጦሹም አለ። በፊፋ ደንብ ልምድ ያለው ተጫዋች በአንድ የውድድር ዓመት ከክለቡ ጨዋታዎች 10 በመቶ እንኳ ካልተሰለፈ፣ በስፖርታዊ ምክንያት ውሉን ለማቋረጥ ሊጠይቅ ይችላል። ቤንች ላይ ማስረሳትም ገደብ አለው ማለት ነው።

አንድ መጥፎ የውድድር ዓመት «ይሸጥ» ለማለት ይበቃል?

ይህ ጥያቄ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ደጋፊ በጣም የሚሳሳተው እዚህ ነው።

በ2012 መጨረሻ የስፔኑ ማርካ ጋዜጣ አንባቢዎቹን የዓመቱን መጥፎ ፈራሚ እንዲመርጡ ጠየቀ። አሸናፊው ሉካ ሞድሪች ነበር። ማድሪድ ከገባ ገና ጥቂት ወራት ሆኖታል፤ የቅድመ ውድድር ዝግጅቱም አምልጦታል። ያ «መጥፎ ፈራሚ» በማድሪድ 13 ዓመት ቆይቶ ስድስት ሻምፒዮንስ ሊጎችን ጨምሮ 28 ዋንጫ አነሳ። በ2018 ደግሞ ባሎን ዶር ወሰደ።

የግራኒት ዣካ ይብሳል። በኦክቶበር 2019 አርሰናል ከክሪስታል ፓላስ ሲጫወት ተቀይሮ ሲወጣ የራሱ ደጋፊ ጮኸበት። እሱም ማሊያውን አውልቆ ተሳደበ። አምበልነቱ ተነጠቀ። በጃንዋሪ ወደ ጀርመን ለመሄድ ሻንጣውን ሊያዘጋጅ ምንም አልቀረውም ነበር። አዲሱ አሰልጣኝ ሚኬል አርቴታ ለምኖ አስቀረው። በ2022–23 አርሰናል ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ ዣካ ትንሽ ወደ ፊት ተጠግቶ እየተጫወተ 7 የሊግ ጎል አገባ፤ ያው ስታዲየም ስሙን ይዘምር ነበር። በ2023 ወደ ባየር ሊቨርኩሰን ሄዶ ቡንደስሊጋውን ያለ ሽንፈት አሸነፈ።

ሃሪ ማጓየርም አለ። በ80 ሚሊዮን ፓውንድ ማንቸስተር ዩናይትድ መጥቶ መሳለቂያ የሆነ፣ በ2023 አምበልነቱን ያጣ ተከላካይ ነው። በዚያው ክረምት ወደ ዌስትሃም የመሄዱ ነገር ተነስቶ ሳይሆን ቀረ። በኤፕሪል 2025 ዩናይትድ ሊዮንን በዩሮፓ ሊግ ሩብ ፍጻሜ 5 ለ 4 ሲረታ፣ በተጨማሪው ሰዓት የመጨረሻ ቅጽበት ያሸነፈበትን ጎል በጭንቅላቱ ያገባው እሱ ነው።

ከሦስቱ የምወስደው ሁሉም ይታገሥ የሚለውን አይደለም። ትዕግሥት የተሰጣቸውና ያልሆነላቸው ብዙ ናቸው፤ ስማቸው ስለተረሳ ነው ምሳሌ የማይሆኑት። መጠየቅ ያለበት የወደቀው ተጫዋቹ ነው ወይስ ዙሪያው የሚለው ነው። ዣካ ብቻውን ሁለት ሰው የሚሸፍነውን ሜዳ እንዲሸፍን ሲገደድ ይሳሳት ነበር። ቦታው ሲስተካከል ሌላ ሰው መሰለ። ማጓየርም ከኋላው ሰፊ ባዶ ሜዳ ሲተው ይጋለጣል፤ ወደ ግቡ ተጠግቶ ሲከላከል ግን ጥሩ ነው። ይልቅ ተጫዋቹ ፍጥነቱ ከጉዳት በኋላ ካልተመለሰ፣ አሰልጣኝም ተቀይሮ፣ አጣማሪም ተቀይሮ ያው ስህተት ከተደገመ፣ ያኔ መሸጥ ነው።

30 ዓመት የሞላው ሁሉ ይሸጥ?

ቬንገር 30 ላለፉ ተጫዋቾች የአንድ ዓመት ውል ብቻ በመስጠት ይታወቅ ነበር። ሮበርት ፒሬስ በ2006 ሁለት ዓመት ፈልጎ ሲያጣ ወደ ቪያሪያል ሄደ። ሐሳቡ በሂሳብ ልክ ነው። ተጫዋች የሚከፈለው ለነገ ነው፤ ትናንት ያገባው ጎል ተከፍሎበታል።

ሆኖም ዋናው ጣጣ ዕድሜው ሳይሆን የውሉ ርዝመት ነው። የአርሰናሉ አጥቂ ኦባሚያንግ በሴፕቴምበር 2020 በ31 ዓመቱ ሲያድስ ደጋፊው ጨፈረ። ከወር ተኩል በፊት በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ቼልሲ ላይ ሁለት አግብቷላ! ሦስት ዓመት ተሰጠው። በዲሴምበር 2021 በዲሲፕሊን ምክንያት አምበልነቱ ተነጠቀ፣ በፌብሩዋሪ 2022 ደግሞ ውሉ በስምምነት ተቋረጠ። በዚያን ጊዜ «አይታደስለት» ያለ ደጋፊ ብዙ አልነበረም። ጩኸታችን «ይሸጥ» ሲል ብቻ ሳይሆን «ይቆይ» ሲልም ሊያስከፍል ይችላል።

ሌላኛው ጫፍ የአርሰናሉ አጥቂ ሮቢን ቫን ፐርሲ ነው። በ2012 አንድ ዓመት ውል ቀርቶት፣ 29 ከሞላው ከጥቂት ቀናት በኋላ ለማንቸስተር ዩናይትድ በ24 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። በመጀመሪያው ዓመት 26 የሊግ ጎል አግብቶ ዩናይትድን ሻምፒዮን አደረገ። ከዚያ በኋላ ጉዳት አዳከመው። በገንዘብ ካያችሁት አርሰናል በጥሩ ጊዜ ሸጧል። ስህተቱ ለማን መሸጡ ነው።

ቦታም ለውጥ ያመጣል። በሩጫ የሚኖር የመስመር አጥቂ ቶሎ ይደክማል። በእይታና በቅብብል የሚኖር አማካይ፣ ግብ ጠባቂም፣ ይቆያል።

ጎልና አሲስት (ለጎል ያቀበለውን ኳስ) ቆጥሮ መወሰን አይቻልም?

ለአጥቂ ጥሩ መነሻ ነው። ግን ስንት ደቂቃ ተጫውቶ ነው? በ90 ደቂቃ ስንት ይደርሰዋል? ከጎሎቹ ስንቱ ፍጹም ቅጣት ምት ነው? ያገኛቸው ዕድሎች ጥራት ምን ይመስላል? ጥሩ ዕድሎች እያገኘ የሳተ አጥቂ፣ ጭራሽ ዕድል ከማያገኘው ይሻላል። ዕድል ማግኘት ራሱ ችሎታ ነው፤ የማስቆጠሩ መጠን ግን ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል።

ለተከላካይ ቁጥር አደገኛ ነው። ፈርጉሰን በ2001 ያፕ ስታምን ለላትሲዮ ሲሸጥ ሰዉ ሁሉ በሕይወት ታሪክ መጽሐፉ ምክንያት ነው ብሎ ነበር። ታክል ማድረጉ (ተንሸራቶ ኳስ መንጠቁ) ቀንሷል የሚል ስሌትም እንደነበረበት በሰፊው ተጽፏል። በምትኩ የ35 ዓመቱ ሎራን ብላን መጣ። ዩናይትድ በዚያ ዓመት ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ፈርጉሰን ራሱ በኋላ ስህተት ነበር ብሏል። ጥሩ ተከላካይ አስቀድሞ ቦታውን ስለሚይዝ መሬት ላይ መንሸራተት አያስፈልገውም።

ወጣቱን በውሰት እንስጠው ወይስ እንሽጠው?

ውሰት ለሁለት ነገር ይጠቅማል፤ ለጨዋታ ጊዜና ለዋጋ ማስጠበቂያ። እንደ ድሮው ግን በደርዘን መስጠት አይቻልም። ፊፋ ከ2024 አጋማሽ ጀምሮ ከአገር ወደ አገር የሚደረግ ውሰትን ለአንድ ክለብ በ6 ወጪና በ6 ገቢ ገድቧል። እስከ 21 ዓመት ያሉ ክለቡ ያሳደጋቸው ልጆች ብቻ ከቁጥሩ ውጪ ናቸው።

ሲሸጥም ቢሆን በሩን ገርበብ አድርጎ መተው ይቻላል። አንዱ መልሶ የመግዛት መብት ነው። ሪያል ማድሪድ ሞራታን በ2014 ለጁቬንቱስ ሸጦ፣ በ2016 በ30 ሚሊዮን ዩሮ መልሶ ወሰደው፤ በቀጣዩ ዓመት ከእጥፍ በላይ በሆነ ዋጋ ለቼልሲ ሸጠው። ሌላው ከሚቀጥለው ሽያጭ ድርሻ መያዝ ነው። አንድ ክለብ ወጣቱን ያለ ሁለቱም ከሸጠ፣ ያኔ መናደድ መብታችሁ ነው።

የሸጥነው ልጅ ሌላ ቦታ ካበራ ተሳስተናል ማለት ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ማንቸስተር ዩናይትድ ስኮት ማክቶሚናይን በኦገስት 2024 በ25 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለናፖሊ ሸጠው። በዓመቱ 12 የሊግ ጎል አግብቶ ናፖሊ ሻምፒዮን ሆነ፤ እሱም የሴሪ አው ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ግን ናፖሊ ወደ ሳጥን ዘልቆ እንዲገባ ነጻ አድርጎታል። ዩናይትድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ኳስ ከኋላ እንዲያደራጅ ነበር የሚጠየቀው። ያው ልጅ፣ ሌላ ሥራ።

ቼልሲ ደ ብሩይነን በጃንዋሪ 2014 ለቮልፍስቡርግ ሸጠ። በዚያው ወር የገዛውን ሳላህንም ጥቂት አጫውቶ ለጣሊያን ክለቦች በውሰት ሰጠው፤ በ2016 ሮማ ጠቀለለው። በ2017–18 ሳላህ ለሊቨርፑል 32 የሊግ ጎል አገባ። እነዚህ ሁለቱ ይለያሉ። ወጣቶች ነበሩ፣ ጨዋታ አላገኙም፣ ተመልሰው የሚገዙበት መንገድም አልቀረም። እዚህ ላይ ነው የደጋፊ ቁጭት ተገቢ የሚሆነው።

ሽያጭ የሚመዘነው በዕለቱ በነበረው መረጃና ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ነው። የኋላውን አይቶ መፍረድ ቀላል ነው።

የማይጫወት ሽማግሌ ግብ ጠባቂ ለምን ውል ይታደስለታል?

ለተጫዋቾች ምዝገባ ዝርዝሩ። ፕሪሚየር ሊጉ ላይ ከ21 ዓመት በላይ የሚመዘገቡት 25 ናቸው፤ ከእነሱ ውስጥ እዚያ ያላደጉት ከ17 መብለጥ የለባቸውም። ዜግነት አይቆጠርም። ስፔናዊው ሴስክ ፋብሪጋስ በ16 ዓመቱ አርሰናል ስለገባ በ2014 ቼልሲ ሲመጣ እንደ አገር ቤት ልጅ ነው የተመዘገበው። ዩኤፋ ደግሞ ከ25ቱ ለክለቡ ልጆች 4 ቦታ ይጠብቃል። ካልሞሉ ባዶ ይቀራሉ። ቶም ሂተን ከዩናይትድ አካዳሚ ወጥቶ በ2021 የተመለሰ ግብ ጠባቂ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ርካሽ ነው፣ አያጉረመርምም፣ ቦታም ይሞላል።

ደጋፊ ስለጮኸ ክለብ ይሰማል?

አንዳንዴ ይሰማል። ግን «ይሸጥ» የሚለው ጩኸት የሚሰማው ለክለባችን ብቻ አይደለም። ገዢውም ይሰማዋል። ስታዲየሙ የጮኸበትን ተጫዋች ማንም በሙሉ ዋጋ አይወስድም፤ ቆይቶ ዋጋው ሲወርድ ይመጣል። ተጫዋቹን መሸጥ የምትፈልጉ ከሆነ እስኪሸጥ ድረስ አጨብጭቡለት።

ብዙ የለፋ ባለውለታ እንዴት ይሸኝ?

ቶሎና በግልጽ። የማንቸስተር ዩናይትዱ ግብ ጠባቂ ዳቪድ ዴ ሄያ በ2022–23 ጎል ሳይቆጠርበት 17 የሊግ ጨዋታ ጨርሶ የወርቅ ጓንት ወሰደ። ክለቡ ግን በእግሩ ኳስ የሚያደራጅ ግብ ጠባቂ ፈልጎ ነበር። የእድሳቱ ነገር ሲንከባለል ቆይቶ ውሉ ካለቀ በኋላ ነው ከ12 ዓመት አገልግሎት መልስ መለያየቱ የተነገረው። ሰውየው አንድ ዓመት ያለ ክለብ ተቀምጦ በኦገስት 2024 ፊዮረንቲና ገባ። በታክቲክ ለውጡ መስማማት ይቻላል። በአሸኛኘቱ ግን አይቻልም።

የዝውውር መስኮቱ ሲዘጋ ክርክሩ ያበቃል?

ለመግዛት አዎ፤ ለመሸጥ ሁልጊዜ አይደለም። መስኮት፣ ማለትም ተጫዋች ማስፈረም የሚፈቀድበት ጊዜ፣ የሚዘጋው በየሊጉ ነው። የእንግሊዝ ክለብ ማስፈረም ባይችልም፣ መስኮቱ ክፍት ወደሆነ አገር ተጫዋች መላክ ይችላል። ዴ ሄያን የተካው አንድሬ ኦናና በሴፕቴምበር 2025፣ የእንግሊዙ መስኮት ከተዘጋ በኋላ ነው በውሰት ወደ ቱርኩ ትራብዞንስፖር የሄደው። ስለዚህ በመጨረሻው ምሽት «ሳይሸጥ ቀረ» ብላችሁ ስልካችሁን አትወርውሩ።